ቅቤ የማይገባበት ቤት

ቅቤው ከደሴ ጅዳ የደረሰው በሰው ሻንጣ ነው። ፌስታል በፌስታል ላይ ተደርቦበት፣ አፉ በክር ታስሮ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው መሀል ተሸጉጦ። ሻንጣው ሲከፈት እዚያ የነበርነው ሰዎች ምራቃችንን ዋጥን፤ የኮረሪማውና የኮሰረቱ ሽታ ከሩቅ ይጣራል። የቤቱ እመቤት ግን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ እንደ በረኪና ጠርሙስ፣ የልጅ እጅ ከማይደርስበት ቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እጇን በሳሙና ታጠበች። ሁለቴ።

ማታ እናቷ ደወሉ።

«ቅቤው ደረሰሽ ወይ ልጄ?»

«ደርሷል እማ፣ አላህ ይስጥልኝ።»

«ለልጁ ገንፎው መሀል ጠብ እያደረግሽ ስጪው። ቅቤ ያልቀመሰ ልጅ ምን አጥንት ይኖረዋል!»

«እሺ እማ።»

ይህ «እሺ» ሁለት ዓመት ተኩል የሞላው ውሸት ነው። ልጁ፣ ቤት ውስጥ እንደሚጠሩት ማሙሽ ልበለውና፣ ሦስት ዓመት አልፎታል። ወተት፣ እርጎ፣ አይብ ወይም ቅቤ ከቀመሰ ሰውነቱ ይቆጣል። እናቱ ይህን ለአያቱ መንገር ያቃታት በሽታው ስለሚያሳፍር አይደለም። «የላክሽው ቅቤ ለልጄ መርዝ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ለእናት እንዴት እንደሚነገር ስለጠፋት ነው።

ዓዚዚያ የሚባል ሰፈር ጅዳም መካም አለ። የማሙሽ ቤት ያለው ጅዳው ዓዚዚያ ውስጥ ነው። ሰፈሩ የፓኪስታኖችና የሕንዶች ምግብ ቤት የበዛበት ነው፤ ማታ ማታ የከሰልና የቅመም ጭስ ከመስኮት ይገባል። የመካው ዓዚዚያ ከሚና ጋር የተጎራበተ፣ በሐጅ ሰሞን ሁጃጅ የሚያርፉበት ሰፈር ነው። አክስቱ እዚያ ትኖራለች። በሁለቱ ዓዚዚያዎች መሀል ወደ 80 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። ለማሙሽ እናት ግን ርቀቱ የሚለካው በኪሎ ሜትር አይደለም፤ መንገድ ላይ ስንት ሰው ለልጁ አንዳች ነገር ሊያጎርሰው እጁን ይዘረጋል በሚለው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ስድስት ወር ሊሞላው ሲል ነው። እስከዚያ ጡት ብቻ ነበር። ጉንጩ ላይ ከሁለት ወሩ ጀምሮ የማይለቅ ችፌ ነበረበት፤ የሴቶቹ ሁሉ ምርመራ «የጅዳ ሙቀት ነው» የሚል ነበር። እናቱ ለጥቂት ሰዓት ሥራ ልትመለስ ስትል የቆርቆሮ ወተት ገዝታ በማንኪያ አለማመደችው። ሦስተኛው ማንኪያ ላይ ፊቱን አዞረ። አልወደደውም ብላ ሳቀች። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሩ አበጠ፤ አንገቱና ሆዱ ላይ ትንኝ የበላው ይመስል ቀይ ጉብ ጉብ ያለ ሽፍታ ወጣ፤ ከዚያም አስመለሰው፣ ድጋሚም አስመለሰው። አባቱ የቤት ሹፌር ነው፤ በዚያች ሰዓት የአሠሪውን ልጆች ከትምህርት ቤት እያመላለሰ ነበር። በጫማዋ ፋንታ ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ዓባያዋን ገልብጣ ለብሳ ታክሲ ያዘች።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘቻቸው ሐኪም ግብፃዊ ነበሩ። «ምን ሰጠሽው?» ሲሏት «ሐሊብ» አለች። «ለበን?» አሏት። «ላ፣ ለበን አይደለም» ብላ ተከራከረች። ሳዑዲ ውስጥ ለበን ማለት በጠርሙስ የሚሸጠው፣ ለእኛ አሬራ የሚቀርበው ኮምጣጣ መጠጥ ነዋ! ግብፅ ግን ለበን ማለት ወተት ራሱ ነው፤ ሶሪያና ሊባኖስ ሲሄዱ ደግሞ እርጎ ይሆናል። ዛሬ ስታወራው ትስቃለች። ያን ቀን ግን ልጇን አቅፋ፣ የምታውቀው ዐረብኛ ሁሉ ከዳት። ጅዳ የዐረብ አገር ሰው ሁሉ የሚሠራበት ከተማ ስለሆነ፣ የወተት አለርጂ ያለበት ልጅ ወላጅ ቃሉን በሦስት አገር ፍቺው ማወቅ አለበት። የሚያግባባው ቃል «ሐሳሲያ» ነው። አለርጂ ማለት ነው፤ እሱን የማያውቅ የለም።

አሁን ትንሽ ስለ ወተቱ ላስረዳ፤ ብዙው ስህተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነውና። ወተት ውስጥ ስኳርም ፕሮቲንም አለ። ስኳሩ ላክቶስ ይባላል። አዋቂ ሰው ወተት ጠጥቶ ሆዱን ሲነፋውና ሲያስቀምጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ይህን ስኳር መፍጨት አለመቻሉ ነው፤ ያሰቃያል እንጂ አይገድልም። የማሙሽ ጠብ ግን ከፕሮቲኑ ጋር ነው። ከላም ወተት ፕሮቲን ከ100 እጅ 80 የሚሆነው ኬዚን፣ ቀሪው ዌይ ይባላል። ሰውነቱ እነዚህን እንደ ጠላት ቆጥሮ አይ ጂ ኢ የተባለ ዘብ አዘጋጅቷል። ወተቱ በገባ ቁጥር ዘቡ የማንቂያ ደወል ይደውላል፣ ሂስታሚን የተባለ ኬሚካል ይፈስሳል፣ ቆዳ ያብጣል፣ ሆድ ይገለበጣል፣ ሲከፋ ደግሞ አየር መተላለፊያው ይጠብና የደም ግፊት ይወርዳል። ይህ የሚሆነው በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ነው።

ሌላ ዓይነትም አለ፤ በዚህ ዘብ በኩል የማይመጣ። ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ በትውከት፣ በችፌ መባባስ፣ በሰገራ ውስጥ በሚታይ ደም የሚገለጥ ነው። ይህኛው በደም ምርመራ አይያዝም፤ ወተቱን ለተወሰነ ጊዜ አቁሞ በሐኪም ምክር መልሶ በመሞከር ነው የሚለየው። ወላጅን የሚያደክመው ይኸኛው ይመስለኛል። ሽፍታ የለ፣ እብጠት የለ፤ ልጁ ያለቅሳል፣ ዘመድ ደግሞ «ዓይን ነው» ይላል።

የማሙሽ ምርመራ የሐኪሙን ጥርጣሬ አረጋገጠ። ሐኪሙ ጡት ማጥባቷን እንድትቀጥል፣ ራሷም የወተት ዘር እንድታቆም ነገሯት፤ የምትበላው ወተት ፕሮቲኑ በጥቂቱ ወደ ጡቷ ይሄዳልና። ለእሷም ካልሲየም አዘዙላት። ለልጁ የታዘዘው ፕሮቲኑ አስቀድሞ ተሰባብሮ የተዘጋጀ ወተት ነበር። ጣዕሙ ይመራል፤ ዋጋውም እጥፍ ድርብ ነው። ፋርማሲ ስትሄድ አንዱ ሻጭ ሊረዳት ብሎ ርካሽ አማራጭ አቀረበላት፤ «ላክቶስ የሌለበት» የሚል ካርቶን። ልትገዛው ሁሉ ነበር። ላክቶስ የሌለበት ወተት ስኳሩ ብቻ የተሰበረለት ወይም የወጣለት የላም ወተት ነው። ዘቡ የሚጠብቀው ጠላት እንዳለ ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ የመካሪው ብዛት! እኛ ሐበሾች ለሕመም መድኃኒት ባይኖረን ምክር አይቸግረንም። አንዷ «ፍየል ወተት ስጪው፣ ቀላል ነው» አለች። የፍየልና የበግ ወተት ፕሮቲን ከላሙ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ አንድ ጥናት የላም ወተት አለርጂ ያለባቸው 26 ልጆች የፍየል ወተት ሲሞክሩ 24ቱ ታመዋል። ሌላዋ «አፍልተሽ ስጪው» አለች። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ኬዚን ግን ለሙቀት የማይበገር ፕሮቲን ነው።

ሦስተኛው ምክር ግመል ነው፤ እሱ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ይፈልጋል። የግመል ወተት ቤታ ላክቶግሎቡሊን የሚባለው የላም ወተት ፕሮቲን የለውም፤ ኬዚኑም ከላሙ ይራራቃል። ስለዚህ አንዳንድ አለርጂ ያለባቸው ልጆች እንደሚችሉት ታይቷል። «እንግዲያውስ!» ማለታችሁ አይቀርም፤ እኔም ብያለሁ። ነገር ግን ሁሉም ልጅ አይችለውም፤ የትኛው እንደሚችል የሚለየው ሐኪም ፊት ነው። ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር በጥሬው የሚሸጠው ሌላ ጣጣ አለው። ሜርስ የተባለው የሳንባ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው እ.ኤ.አ. በ2012 እዚሁ ጅዳ ሆስፒታል ውስጥ ከተኛ በሽተኛ ነው። በኋላ የቫይረሱ ማደሪያ ግመል መሆኑ ሲታወቅ፣ ያልተፈላ የግመል ወተት እንዳይጠጣ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታም አለ። የአፋርና የሶማሌ ልጅ በግመል ወተት ማደጉ እውነት ነው፤ ማሙሽ ግን ዓዚዚያ ነው ያለው።

ታዲያ ልጁ ምን ይበላል? መልሱ የተገኘው ከታች ፎቅ ነው።

ታች ፎቅ የምትኖረው ሴት የጎንደር ልጅ፣ ክርስቲያን ናት። የማሙሽ እናት የወሎ ሙስሊም ናት። አንድ ረቡዕ ቀን ጎንደሬዋ ሰሐን ይዛ መጣች። የማሙሽ እናት ሰሐኑን ሳትቀበል «ምን አለበት?» ብላ ጠየቀች፤ ያን ሰሞን ሰላምታዋም ይኸው ነበር። «ረቡዕ አይደል እንዴ፣ የጾም ነው» አለቻት። ምስር፣ ጥቅል ጎመንና ድንች።

የማሙሽ እናት «የጾም ነው» የሚለውን ቃል ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች። ወሎ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም፤ የጾም ወጥ ሲሆን ግን አንድ መሶብ ይከባል። ያን ቀን ግን ቃሉ አዲስ ሆነባት። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። ፈረንጆች ሱፐር ማርኬት ውስጥ በውድ ዋጋ የሚሸጡትን ነገር የእኛ ሴቶች ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ፍልሰታን 15 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብን ከበዓለ ሃምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ ሲሠሩት ኖረዋል። ማሙሽ የሚያስፈልገው ሙያ ታች ፎቅ ነበር።

ትምህርቱ የተሰጠው እዚያው ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ቆሜ አይቻለሁ። ጎንደሬዋ ዘይት ጣደች። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨመረች፣ ከዚያ ኮረሪማ፣ እርድ፣ ጥቂት አብሽ፣ በስተመጨረሻ ኮሰረትና በሶብላ። እሳቱን አሳንሳ «እንዳይቸኩልብሽ፣ ቅመሙ ከነደደ መረረ ማለት ነው» አለቻት። በንጹሕ ጨርቅ አጠለሉት። ቤቱን የሞላው ሽታ የቅቤ ማንጠሪያ ቀን ሽታ ነው፤ ዓይኔን ብጨፍን ቅቤ ነው ብዬ እምል ነበር። ዛሬ ጠርሙሱ «የማሙሽ ቅቤ» ይባላል። ገንፎው መሀል ጠብ የሚለው እሱ ነው። ጨጨብሳው በእሱ ነው፣ ቂንጬው በእሱ ነው። ሱፍ ተፈጭቶ ሲጠለል ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ማሙሽ በብርጭቆ ይዞ «ወተቴ» ይለዋል። ለስሙ ነው እንጂ ምትክ እንዳይመስላችሁ። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ወደ 700 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል። ጤፍ ደህና ካልሲየም አለው፣ በ100 ግራም ጥሬ እህል 180 ሚሊ ግራም ገደማ፤ ጎመንም ይረዳል። ይህ ብቻውን ግን ስለማይደርስ፣ ሐኪሙ ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ጨምረውለታል፤ አኩሪ አተሩም እንደማይጎዳው አስቀድመው አረጋግጠው ነው። የሚዛኑ ነገር በየቀጠሮው ይታያል።

ጾምና አለርጂ የሚለያዩበትም ቦታ አለ። ጎንደሬዋ መጀመሪያ ሰሞን ምስሩን በፋሲካ ዶሮ ወጥ በሠራችበት የእንጨት ማማሰያ አማስላው ነበር፤ እንጨቱ የጠጣው ቅቤ በቂ ሆኖ የልጁ አገጭ ቀላ። ጾም በስህተት ቢፈታ ይቅርታ አለው፤ የማሙሽ ደም ግን ይቅርታ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ የእሱ ድስት እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል፤ ማማሰያውም ለብቻው ነው።

ከቤት ውጭ ያለው ዓለም ክር አልታሰረበትም። ዓዚዚያ ውስጥ ልጅ ይዞ መውጣት ማለት በየደቂቃው መጠርጠር ማለት ነው። የብሪያኒው ሥጋ በእርጎ ተዘፍዝፎ ያድራል። ናኑ ሊጥ ውስጥ ወተት ወይም እርጎ ሊኖር ይችላል። ሻወርማውም እንዲሁ። ጠዋት የሚበላው ፉል ላይ ሰምን ይደፋበታል፤ ሰምን ማለት የእኛው ንጥር ቅቤ ነው፣ የቱንም ያህል ቢነጠር ፕሮቲን ይቀርበታል። ጎረቤት ያለው የበቃላ፣ የሰፈሩ ሱቅ ማለት ነው፣ ባለቤት እናትየዋን ሲያያት ብስኩቱን ራሱ ገልብጦ ጀርባውን ያሳያታል። ዐረብኛ ማንበብ የተማረችው በብስኩት ጀርባ ነው ብል አልዋሸሁም። «የሕተዊ ዓላ» ማለት «በውስጡ አለ» ማለት ነው፤ ዓይኗ መጀመሪያ የሚሮጠው እሱ ላይ ነው። «ሐሊብ ሙጀፈፍ» የዱቄት ወተት፣ «መስል አል-ለበን» ዌይ፣ «ዙብዳ» ቅቤ፣ «ቂሽጣ» ክሬም። ኬዚን ግን በዐረብኛም ካዚን ነው። አንድ ጊዜ ያነበበችውን ዕቃ ሁለተኛ ስትገዛም ታነብባለች፤ ፋብሪካው ቅመራውን ሳይነግራት ሊቀይር ይችላላ።

ሰው ግን ጀርባው ላይ አይጻፍበትም። ረመዳን ሲሆን የመንገድ መብራት ላይ ወጣቶች በመኪና መስኮት የኢፍጣር ፓኬት ያድላሉ፤ ተምር፣ ውሃ፣ ለበን። በሐጅ ሰሞን መካ ዓዚዚያ ውስጥ ሰደቃ የሚሰጠው ብዙ ነው፤ ልጅ ያየ ሁሉ ያጎርሳል። ይህ ደግነት ነው፤ ግን ጥንቃቄውን የሚያከብደውም እሱው ነው። ለክፉ ሰው እንቢ ማለት ምን ያቅታል?

አምና የዒድ ዕለት የሆነውን ልንገራችሁ። እናትና ልጅ አክስት ቤት መካ ሄዱ። አክስት ተጠንቅቃለች፤ ወጡ በዘይት ነው፣ ማዕሙል የተባለውን ብስኩት ደብቃዋለች፣ ሕፃናቱን አስጠንቅቃለች። ማሙሽን በር ላይ ተቀብላ አንገቷ ሥር አቀፈችው፣ ጉንጩን ሳመችው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በአንዱ ጉንጩ ላይ፣ በአንዱ ብቻ፣ ሽፍታው ጉብ ጉብ አለ። ሁሉም ተደናገጠ፤ ምንም አልበላም። እናቱ ልጁን ትታ አክስቲቱን ታሸት ጀመር። ፀጉሯ ነው። ለበዓሉ ሹሩባ ተሠርታ ለጋ ቅቤ ተቀብታ ነበር! አክስት ያን ዕለት በሻምፖ ሦስቴ ታጥባ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም ተመለሰች። ቆዳ ላይ ብቻ ስለነበር በአለርጂ ሽሮፕ አለፈ።

ሁሌ በሽሮፕ አያልፍም። ልጁ መተንፈስ ካስቸገረው፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ወይም ሽፍታውና ትውከቱ አብረው መጥተው ከዛለ የሚያድነው አድሬናሊን ነው። የማሙሽ እናት ቦርሳ ውስጥ ሁለት የመርፌ ብዕር አለ፤ በልብስ ላይ እንዳለ የጭኑ ውጭ ጎን ላይ ይወጋል፣ ልጁ ይጋደማል፣ ከዚያ ቀይ ጨረቃ 997 ይደወላል። ብዕሩ ሙቀት አይወድም። በጅዳ ሐምሌ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ብዕር አይታመንም፤ ስለዚህ ከልጁ ጋር ይገባል፣ ከልጁ ጋር ይወጣል። አባትየው መውጋት ሲለማመድ አይቼዋለሁ፤ ጊዜው ባለፈበት ብዕር፣ በሙዝ ላይ።

ይህ ሁሉ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ እና ኢንሹራንስ ላለው ነው። ወረቀት የሌላት እናት ልጇ ሲያብጥ መጀመሪያ የምታስበው ሐኪሙን አይደለም፤ በሩ ላይ የሚጠየቀውን መታወቂያ ነው። እንዲህ ያለች አንዲት እናት አውቃለሁ። ልጇን ለሁለት ወር የቆርቆሮ ወተት ስታጠጣና ሲያስመልሰው ስትጠርግ ኖራ፣ ነገሩን የነገረቻት ይህችው የማሙሽ እናት ናት፤ በቃላው በር ላይ።

ተስፋ አለ። ከ100 ሕፃናት በ2 ወይም በ3ቱ ላይ የሚታየው ይህ አለርጂ አብዛኞቹን ትምህርት ቤት ሳይገቡ ወይም ገብተው ብዙ ሳይቆዩ ይለቃቸዋል። መንገዱም ቀስ በቀስ ነው። ወተት ከዱቄት ጋር ተቦክቶ በ180 ዲግሪ ገደማ ለ30 ደቂቃ ሲጋገር የፕሮቲኑ ቅርጽ በከፊል ይለወጣል፤ ስንዴውም ይይዘዋል። ኒውዮርክ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት ከ100 ወተት አይስማማቸውም ከተባሉ ልጆች በእንዲህ ያለ የተጋገረ ወተት የታመሙት 23 ብቻ ናቸው። የማሙሽ ቀጠሮ ለዚህ ነው፤ አንድ ቁራሽ ኬክ፣ ሐኪም ፊት፣ መርፌው ተዘጋጅቶ። ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም፤ እናቱም ለመሞከር አልደፈረችም።

የቀጠሮው ቀን ሲቃረብ እናቷ ደወሉ። ቅቤው ሳያልቅ እንደማይቀር፣ ሌላ ሊልኩ እንደሆነ ነገሯት። የማሙሽ እናት ቁም ሳጥኑን ቀና ብላ አየች። ከዚያ ተናገረችው፤ ሁሉንም፣ ከቆርቆሮው ወተት ጀምራ እስከ አክስት ፀጉር ድረስ። ወዲያ ማዶ ዝም አለ። ኔትዎርኩ የተቋረጠ መስሏት «እማ?» አለች።

«ታዲያ በምንድን ነው የምታበይው?»

«በዘይት፣ እማ። እንደ ጾም።»

«ዓመቱን ሙሉ?»

«ዓመቱን ሙሉ።»

እንደገና ዝም አሉ። «የጎረቤቶቻችን ልጆችስ ፍልሰታን ጾመው ያድጉ የለ እንዴ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ተቆጡ፤ በአለርጂው ሳይሆን ሁለት ዓመት ተኩል ስለተዋሹት።

የሚቀጥለው ሻንጣ በወሩ መጣ። በሶ ነበረበት፣ የደረቀ ኮሰረት ነበረበት፣ በቀይ ክር የታሰረ አዲስ ማማሰያ ነበረበት። ከታች ደግሞ፣ ፌስታል በፌስታል ላይ ተደርቦበት፣ የጡጦ ቆብ የምታክል ለጋ ቅቤ። የሚያመጣው ሰው አደራውን በቃሉ አደረሰ፦ «ለልጁ አይደለም፣ ለፀጉርሽ ነው ብለዋል።»